ጠፉ የተባሉት ረቢ

ከዲላ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሁሉ ሻሸመኔን ማለፉ አይቀርም። ቡና የጫነ መኪና፣ ለትምህርት የሚሄድ ተማሪ፣ ታማሚ ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚጣደፍ ቤተሰብ፣ ሁሉም በዚያው በሞያሌ መንገድ ሐዋሳን አልፎ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሻሸመኔ ይደርሳል። ከተማዋን ሊለቅ ሲል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ አጥርና የአንበሳ ሥዕል ያለበት በር በመስኮት ያያል። ጃማይካ ሰፈር ነው። ረዳቱን ብትጠይቁት የራስታዎች ሰፈር መሆኑን፣ መሬቱንም የሰጧቸው ጃንሆይ መሆናቸውን ይነግራችኋል።

የተናገረው እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን ከእሱ በፊት የሚጀምር ሌላ ምዕራፍ አለው። ጁሊያ ቦናቺ የተባለች የታሪክ ተመራማሪ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን ታሪክ ለዓመታት ስታጠና የሻሸመኔውን መሬት ቀድሞ የያዘው ማን እንደሆነ አጣርታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 5 ጋሻውን (200 ሄክታሩን) የሰጡት በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ይህን ማኅበር ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋሙት በፋሺስት የተወረረችውን አገራቸውን እንዲረዳ ነበር። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) መሬቱ ላይ ከሁሉም ቀድመው የሰፈሩትና የሚያስተዳድሩት ጄምስና ሄለን ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ትውልዳቸው ሞንትሴራት ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ነው። ራስ ተፈሪያን አልነበሩም። ጥቁር አይሁዶች ነበሩ።

ጥቁር አይሁድ ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን ወዲያው ቤተ እስራኤልን እናስባለን፤ ጎንደርን፣ ወለቃን፣ አምቦበርን። ፓይፐሮች ግን ከዚያ ወገን አልነበሩም። ታዲያ ከካሪቢያን ባሕር የመጣ ጥቁር አይሁድ ሻሸመኔ እንዴት ደረሰ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ኋላ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ኒው ዮርክን ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ሐርለምን፣ ሐርለም ውስጥም አንድ ጉባኤና አንድ ሙዚቀኛ ያገኛል።

ሙዚቀኛው አርኖልድ ጆሲያ ፎርድ ይባላሉ። በ1877 በባርቤዶስ ዋና ከተማ ብሪጅታውን ተወለዱ። አባታቸው ፖሊስም ሰባኪም ነበሩ። ልጃቸው ሙዚቀኛ እንዲሆንላቸው ስለፈለጉ አስተማሪ ቀጥረው በገናና ቫዮሊን አስተማሩት። ፎርድ ካደጉ በኋላ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሙዚቃ ጓድ አገለገሉ፤ ከዚያም እንደ ብዙ የካሪቢያን ተወላጆች ኑሮ ፍለጋ ወደ ሐርለም አቀኑ። ማርከስ ጋርቬይ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥቁር ሕዝብ በሚያነቃንቅበት ዘመን በመሠረተው ማኅበር የሙዚቃ መሪ ሆኑ። ማኅበሩ በነሐሴ 1920 እንደ ብሔራዊ መዝሙሩ አድርጎ የተቀበለውን መዝሙርም ከቤንጃሚን በሬል ጋር ጻፉ። የመዝሙሩ ርእስ «ሁለንተናዊ የኢትዮጵያ መዝሙር» ነው። ልብ በሉ፤ አንድም ቀን ኢትዮጵያን ያላዩ ሰዎች ናቸው በየስብሰባው ቆመው ይህን የዘመሩት።

ፎርድ በዚህ ላይ ዕብራይስጥ ተምረው ነበርና የአይሁድን እምነት ያዙ። ጋርቬይ ማኅበሩ የአይሁድ እምነት እንዲይዝ አልፈቀደም፤ ሁለቱ ተለያዩ። በ1924 ፎርድ በሐርለም ቤት ብኔ አብርሃም የተባለውን፣ ማለትም የአብርሃም ልጆች ቤት የሚል ስም ያለውን ጉባኤ መሠረቱ፤ ረቢው (የሃይማኖት መምህሩ) ራሳቸው ነበሩ። አባላቱ በአመዛኙ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ቀዳሚ አባቶቻችን ዕብራውያን ናቸው፣ ሥራችንም አፍሪካ ውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚያው ዘመን ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው፣ ከ1904 ጀምሮ ወደ ጎንደር የተመላለሰው ምሁር፣ ስለ ቤተ እስራኤል በአሜሪካ ይሰብክና ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ኦሪትን የጠበቀ ጥቁር ሕዝብ እንዳለ መስማት ለሐርለም ሰዎች ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ መገመት አያዳግትም። «ጥቁር ሆኖ አይሁድ እንዴት ይሆናል?» ለሚላቸው ሁሉ መልስ አገኙ።

ይህ ጉባኤ ጸሎት ብቻ አልነበረም። በ1928 ፎርድ «የብኔ አብርሃም የዕድገት ኩባንያ» የሚል የንግድ ድርጅት አቋቋሙ፤ 100 አክሲዮኖችን አወጣና ሁለት ሕንፃ ገዛ። በአንዱ የሃይማኖትና የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሌላውን ለመኖሪያ አከራየ። ልጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ኦሪትንም ሙያንም ይማራል፤ የኪራዩ ገንዘብ ደግሞ ጉባኤውን ያቆማል። እንዲህ ያለ ዕቅድ፣ ባንክ ፊት በሚነሳቸው በጥቁር ስደተኞች እጅ፣ በዚያ ዘመን! እኔ ከዚህ ጉባኤ ታሪክ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ኩባንያውም አብሮ ወደቀ፤ በ1930 ከሰረ።

ፎርድም ከሐርለም ጠፉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ኖረ። በዚያው በ1930 ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ዋላስ ፋርድ የሚባል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ብቅ ብሎ፣ በኋላ «የእስልምና ሕዝብ» የተባለውን ንቅናቄ መሠረተ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደመጣው ሁሉ ጠፋ። ፎርድና ፋርድ፤ አንዱ በጠፋበት ዓመት ሌላው ተገኘ። ስማቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ጥቁሩን ሕዝብ ወደ ሌላ እምነት ጠርተዋል። አንዳንዶች ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ብለው ደመደሙ። ፎርድ አፍሪካ አልሄዱም፣ ስም ለውጠው ዲትሮይት ገብተዋል የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከዚያም ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። ወሬውን የሚያርም ጽሑፍ ደግሞ በቅርብ አልነበረም። ሩት ላንደስ የተባለችው አንትሮፖሎጂስት ገና ወጣት ሳለች ይህንኑ የሐርለም ጉባኤ ቀርባ ብታጠናም ጽሑፏ የታተመው በ1967 ነው።

መልሱ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ አይደለም። በ1972 ኬኔት ኪንግ የተባለው ተመራማሪ ስለ አርኖልድ ፎርድ የጻፈውን አጭር ጥናት ያሳተመው አዲስ አበባ ላይ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ነው። ሰባት ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዊልያም ስኮት የተባለው የታሪክ ምሁር ስለዚሁ ጉዞ ሰፋ ያለ ጥናት አወጣ። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ የዲትሮይቱ ወሬ መቆሚያ አጣ። ረቢ ፎርድ የትም አልጠፉም፤ አዲስ አበባ መጥተዋል፣ አዲስ አበባ ኖረዋል፣ ያረፉትም እዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ የት ገቡ እየተባለ ሲወራ ባለቤታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት እያስተዳደሩ ነበር። ጠያቂ ጠፋ እንጂ መላሽስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርድ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እንዲያው በሕልም ተገፍተው አልነበረም። በ1919 በደጃዝማች ናደው የተመራው መልእክተኛ ቡድን፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይና ከንቲባ ገብሩ ያሉበት፣ አሜሪካን ጎብኝቶ ነበር። በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጣና ግድብ ጉዳይ ኒው ዮርክ ሲሄዱ ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። ኢትዮጵያ ሐኪም፣ መምህር፣ መካኒክ ትፈልግ ነበር፤ ሐርለም ደግሞ ክብር ያለው አገር ይፈልግ ነበር። የሐርለሙ ኩባንያ በከሰረበት ዓመት አዲስ አበባ ለንግሥ በዓል ትዘጋጅ ስለነበር ፎርድ ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው መጡ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ በበዓሉም ሰሞን ሙዚቃ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላም ኑሯቸውን የገፉት በአዲስ አበባ ሆቴሎች በመጫወትና ሐርለም የቀሩት ወዳጆቻቸው በሚልኩላቸው ገንዘብ ነው። ረቢው ምሽት ላይ ሆቴል ይጫወታሉ፤ ቀን ደግሞ መሬት ለማግኘት ደጅ ይጠናሉ።

የሚገርመው አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ለአይሁድ እንግዳ አልነበረችም። ከኤደን የመጡ የአይሁድ ነጋዴዎች የራሳቸው የጸሎት ቤት ነበራቸው። ከጎንደር አካባቢ የመጡ የቤተ እስራኤል ልጆች ደግሞ ፋይትሎቪች በከፈተውና ታምራት አማኑኤል በሚመሩት ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። የሐርለሞቹ ሲጨመሩ ከሦስት ማዕዘን የመጣ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ኦሪት የሚያነብ ሕዝብ በአንዲት ትንሽ ዋና ከተማ ተገናኘ። ይህ የአዲስ አበባ ታሪክ በየትምህርት ቤታችን አለመነገሩ ይቆጨኛል።

ደጅ ጥናቱ ፍሬ አፈራ። ፎርድ 800 ኤከር መሬት አገኙ፤ በእኛ ልኬት ወደ 8 ጋሻ ይጠጋል። ወደ 100 የሚሆኑ ሰዎችም ከባሕር ማዶ ተከትለዋቸው መጡ። በመርከብ፣ ከዚያም በጅቡቲ ባቡር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጌዴኦ ገበሬ ቢጠየቅ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ በነገራቸው ነበር። ጌዴኦ ውስጥ መሬት ተቀብሎ በዓመቱ መብላት የለም። ቡና ለፍሬ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል፤ ጥላ ዛፉ ደግሞ አባት ተክሎት ልጅ ነው የሚጠለልበት። በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የዚህ ትዕግሥት ውጤት ነው። ከሐርለም የመጡት ግን የከተማ ሰዎች ነበሩ። ቋንቋውን፣ የአየሩን ጠባይ፣ በሬ መጥመዱን እንደ አዲስ መልመድ ነበረባቸው። ለዚህ ሁሉ የነበራቸው ጊዜ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። የእርሻው ሥራ የከበዳቸው አንድ በአንድ ተመለሱ።

ሌላም ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። በዚያ ዘመን በንጉሥ ቃል የሚሰጥ መሬት ብዙ ጊዜ ሰው አልባ አልነበረም። የደቡብ ሰው ጋሻ ሲባል የሚያስበው ገባርነትን ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ በ1952 ዓ.ም. ከቡናው እኩሌታ አላካፍልም ብሎ በባለርስት ላይ የተነሳው በዚሁ ሥርዓት ተማርሮ ነው። ለፎርድ ወገኖች ነፃነት የነበረው ስጦታ ለሌላው ሸክም ሊሆን ይችል ነበር። ይህን የምለው እነዚያን ስደተኞች ለመውቀስ አይደለም፤ የመጡበት አገር በባርነት የገዛቸው አገር ነው፤ የጠየቁትም ቤት ብቻ ነው። ግን የመሬቱን ታሪክ ስንጽፍ የገበሬውን ስም መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት ፎርድን ይከታተል ነበር። በአዲስ አበባ የነበረው የአሜሪካ ሌጋሲዮን ስለ እሳቸውና ስለ ተከታዮቻቸው ሪፖርት እየጻፈ ወደ ዋሽንግተን ይልክ ነበር። በሪፖርቱ ርእስ ላይ ረቢ የሚለው ማዕረግ በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ ነው የሚገኘው፤ ጥቁር ሰው ረቢ ሊሆን አይችልም ለማለት። ከዚያም ጥቁር ዜጎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይጓዙ የሚያደናቅፍ አሠራር ተከተለ። መቶ ገደማ የሆኑ ድኾች ጠመንጃ ሳይዙ፣ የሰው አገር ሳይነኩ፣ አንድን ትልቅ መንግሥት ይህን ያህል ማስጨነቃቸው በራሱ ብዙ ይናገራል። ዛሬ ግን እነዚያ ለማደናቀፍ የተጻፉ ወረቀቶች ፎርድ አዲስ አበባ እንደነበሩ ከሚመሰክሩት ሰነዶች መካከል ሆነዋል።

ፎርድ ወደ አሜሪካ የመመለስ ሐሳብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሐርለም ለቀሩት ታማኝ ደቀ መዝሙራቸው ለዌንትወርዝ ማቲው የረቢነት ማረጋገጫ አዘጋጁ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ዕውቅና እንዲኖረውም አድርገው ላኩላቸው። የነጭ አይሁድ ጉባኤያት እንደ አይሁድ አንቆጥራችሁም ላሏቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ የመጣ የምስክር ወረቀት ምን ዋጋ እንዳለው አስቡት። ማቲው በ1919 የመሠረቱትን «ትእዛዝ ጠባቂዎች» የተባለ ጉባኤ ይዘው፣ ሌሎች ረቢዎችን እያስተማሩና እየሾሙ እስከ 1973፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዘለቁ። በኒው ዮርክና በቺካጎ ዛሬም «የኢትዮጵያ ዕብራውያን» በሚል ስም የሚጸልዩ ጉባኤያት አሉ፤ ብዙዎቹ የረቢነት ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ማቲው ጋ፣ ከማቲውም ፎርድ ጋ ይደርሳሉ።

በ1935 የጣሊያን ጦር ኤርትራና ሶማሊያ ላይ ሲከማች የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያን ለቀው መውጣት ጀመሩ። ከፎርድ ሰዎች የቀሩትም አብረው ወጡ፤ ሠፈራው ፈረሰ። ፎርድ በሴፕቴምበር አረፉ። ሐዘኑና ድካሙ ነው የገደላቸው ይባላል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ።

ታሪኩን የሚያውቁ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ አንድ ረቢ መጡ፣ አልተሳካላቸውም፣ ሞቱ ብለው። እኔ ግን አልስማማም። በ1931 ከሁለተኛው ቡድን ጋር የመጡ ሚኞን ኢኒስ የሚባሉ የባርቤዶስ ተወላጅ ነበሩ። ለፎርድ ጸሐፊ ሆነው መጡ፤ በኋላ አገቧቸውና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ባላቸው ሲሞቱ ሚኞን በሰው አገር ሕፃናት ይዘው የቀሩ የ30 ዓመት ሴት ነበሩ። ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሳቸው አልሄዱም። አምስቱን የወረራ ዓመታት ልጆቻቸውን እያሳደጉ አዲስ አበባ አሳለፉ። ከነፃነት በኋላም ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ መጀመሪያ ቤት ኡሪኤል የተባለው፣ በኋላ በወጣትነታቸው በሞቱት በንጉሡ ልጅ ስም ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተብሎ የታወቀው ነው። ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ሴት ልጅን ለትምህርት ከቤት ማውጣት ብዙው ቤተሰብ በማይደፍርበት ጊዜ ማለት ነው።

የሐርለሙ ኩባንያ በሁለት ሕንፃ ሊሠራ ያሰበው፣ ትምህርትና መኖሪያ አንድ ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ በአንዲት ሴት እጅ ተሠራ። 8 ጋሻው ያልሰጠውን ፍሬ የመማሪያ ክፍል ሰጠ። ወይዘሮ ሚኞን ቀሪ ዘመናቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖረው በ1995 አረፉ። ልጃቸው ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ በዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፊልም አስተማሩ፤ በኋላም ወደ ተወለዱባት ከተማ ተመልሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በዲንነት መርተዋል። ከእሳቸው የተማሩ ጋዜጠኞች ዛሬ በየጣቢያው አሉ።

ፓይፐሮች ወደ ሻሸመኔ ሲመጡ ጥቁር አይሁድ ኢትዮጵያን ቤቴ ብሎ መምጣቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ፎርድ ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በፊት ጀምረውት ነበር። የሞያሌው መንገድ ላይ ያለው ሰፈር በራስታዎች ብቻ የተጻፈ የሚመስለን የመጀመሪያውን ገጽ ስላላነበብን ነው።

የቀረው ሥራ የእኛ ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ ከመካከላቸው ከደቡብ የመጡም ይኖራሉ። በሻሸመኔም ፓይፐሮችን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የዲላና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ እነዚህን ሰዎች ሄደው ያነጋግሩ፤ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ ያረጀ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ ደብዳቤ ያላቸውን ቅጂ ይጠይቁ። እናንተም አንባቢዎች፣ በቤታችሁ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ አባት ወይም እናት ካለ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ያሉትንም ጻፉት።